ጥቁሩ አፈር ምን ይመሰክራል?

ታሪክ ያለው በብራና ላይ ብቻ ነው የሚል አጉል እምነት እኛን ተማሪዎችን ክፉኛ ተጣብቶናል። ዜና መዋዕል ያላስጻፈ፣ ድንጋይ ያልጠረበ ሕዝብ ታሪክ የለውም ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። ይህን እምነት የሚንድ ማስረጃ ብራዚል ውስጥ፣ በአማዞን ጫካ አለ፤ ማስረጃውም አፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1542 ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ደ ኦሬላና የአማዞንን ወንዝ ቁልቁል ተጉዞ ከአትላንቲክ ደረሰ። አብሮት የነበረው ቄስ ጋስፓር ደ ካርቫሃል በወንዙ ዳር የተያያዙ መንደሮችና እጅግ ብዙ ሕዝብ እንዳየ ጻፈ። ኋላ የሄዱት ግን ያገኙት ጫካና የተበታተነ ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ቄሱ ቀጣፊ ተባለ። (ሴት ተዋጊዎች አየሁ ማለቱም አልጠቀመውም።) በመካከሉ ፈንጣጣና ኩፍኝ ሕዝቡን እንደ ፈጁት ማን ልብ ይበል! ሊቃውንቱም ምክንያት አገኙ፦ አፈሩ በዝናብ የታጠበ ነው፣ ብዙ ሕዝብ አይመግብም። አሜሪካዊቷ ቤቲ ሜገርስ በ1971 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ አጥብቃ ተከራክራለች።

ታዲያ በዚያው በደከመው ቢጫ አፈር መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አፈር አለ፤ አንዳንዱ እስከ 2 ሜትር ይጠልቃል። የአገሩ ሰው «ቴራ ፕሬታ» ይለዋል፣ ጥቁር አፈር ማለት ነው። ሲቆፈር የከሰል ስብርባሪ፣ ገልና የዓሣ አጥንት ይወጣዋል። ገበሬው ከሊቃውንቱ በፊት ያውቀው ነበር። ለባርነት ተዋግተው የተሸነፉት የደቡብ አሜሪካኖች እንኳ በ1867 ሳንታሬም አጠገብ ሲሰፍሩ ለሸንኮራና ለትምባሆ ይህንኑ መርጠው ያዙ። የሞተ ሕዝብ ድካም እነሱን አበላ!

በ1966 ስለ አማዞን አፈር የጻፈው ሆላንዳዊው ዊም ሶምብሩክ ነገሩ የገባው ያለ ምክንያት አልነበረም። በልጅነቱ፣ በ1944/45 የረሃብ ክረምት፣ ቤተሰቡን ያተረፈው አያት ቅድመ አያቶቹ ያዳበሩት ቁራሽ ማሳ ነበር።

ምስጢሩ እሳቱ ላይ ነው። እንጨት ነፋስ እያገኘ ቢነድ አመድ ይሆናል፤ አመዱን ደግሞ ዝናብ ቶሎ ያጥበዋል። አየር አጥሮት ቢከስል ግን ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆንና ውሃ ያቁራል፣ የአፈሩን አሲድነት ያበርዳል፣ ለመቶዎች ዓመታትም አይበሰብስም። ከሰሉ ብቻውን ምግብ አይደለም። ከአጥንት፣ ከጉድፍና ከሰው ቆሻሻ የሚገኘውን አዳብሪያ ይዞ ለሥሩ የሚያቆይ ጎተራ ነው እንጂ። ዛሬ «ባዮቻር» ተብሎ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራለት ይኸው ነው። በሞቃት አገር የደከመ መሬት ላይ ደህና ይሠራል፤ በአውሮፓ የለማ ማሳ ላይ ግን ጥቅሙ እምብዛም ነው።

የእኛም የሰሜን ሸዋ ደገኛ አፈር ከምሮ ሲያቃጥል ኖሯል። ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ያምርለታል፤ ከዚያ መሬቱ ለረጅም ዓመታት ጦሙን ያድራል፣ የአፈሩ ስብ አብሮ ነዷላ! እሳት ሁሉ አንድ አይደለም።

የቀረው ክርክር «አማዞኖች አውቀው ሠሩት ወይስ የቆሻሻ ክምር ነው?» የሚል ነበር። በ2023 የወጣ ጥናት ግን ኩይኩሮ የሚባሉት የብራዚል ነባር ሕዝቦች አመድ፣ ከሰልና የምግብ ትራፊ እያጠራቀሙ ዛሬም ጥቁር አፈር ሆን ብለው እንደሚሠሩ አሳየ። በቋንቋቸውም ስም አለው፦ ኤጌፔ።