በእንጦጦ ጸበል ዳር፦ የሕሙማን ነጻነትና የመንግሥት ቁጥጥር በኤች.አይ.ቪ ዘመን

እንጦጦ በአገራችን የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ግርጌ በፍል ውሃ አካባቢ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን ቆረቆሩ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ከብርዳሙ ጋራ ቀስ በቀስ ወደ ፍል ውሃው ወረደ። ከ130 ዓመታት በኋላ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ተራራው ለከተማው ሕዝብ መናፈሻና መዝናኛ ሆነ።

በቤተ መንግሥቱና በፓርኩ ዘመን መካከል ግን እንጦጦ ሌላ ታሪክ አሳልፏል። በ1990ዎቹ ዓመታት፣ የኤች.አይ.ቪ ወረርሽኝ ከተሞችን ባዳረሰበት ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወጥተዋል። ከአዲስ አበባም ከክፍለ ሀገርም የመጡት እነዚህ ወገኖች በአካባቢው ጎጆና ክፍል እየተከራዩ ሌሊት ተነሥተው ይጠመቁ ነበር። በዚያ ጸበል ዳር ለጤና ባለሙያ ዛሬም ያልቀለለ አንድ ጥያቄ ተፈትኗል፤ ይኸውም አንድ ሰው ስለ ገዛ አካሉ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ትዳሩና ስለ እምነቱ በራሱ የመወሰን ነጻነቱ የት ድረስ ነው? መንግሥትስ በጤና ስም ጣልቃ ሊገባ የሚችለው ከየት ጀምሮ ነው? የሚለው ነው።

ወረርሽኙና የመንግሥት ምርጫ

በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ መኖር የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ከተሰበሰበ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረም። መድኃኒት የሌለው ተላላፊ በሽታ ሲነሣ መንግሥታት ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ እርሱም ሕመምተኛውን ከሰው መለየት ነው። ኩባ ይህንኑ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሕዝቧን በስፋት መርምራ ቫይረሱ የተገኘባቸውን ሰዎች በልዩ ማቆያዎች አስገብታለች፤ ከማቆያው ውጭ ሆነው እንዲታከሙ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1993 ገደማ ነው። በኩባ የቫይረሱ ስርጭት ዝቅተኛ ሆኖ መቆየቱ እውነት ነው። ሆኖም ዋጋው የተከፈለው ማንንም ሳይጎዱ ለዓመታት ከቤታቸውና ከሥራቸው በተለዩ ሰዎች ነጻነት ነበር።

ኢትዮጵያ ሌላ መንገድ ይዛለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትና የእምነት ነጻነትን ደንግጓል። ሁለቱም መብቶች ያለ ገደብ የተሰጡ አይደሉም፤ የሕዝብን ጤና መጠበቅ መብቶቹን በሕግ ለመገደብ ከሚያበቁ ምክንያቶች መካከል በሁለቱም አንቀጾች ተጠቅሷል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የኤች.አይ.ቪ/ኤድስ ፖሊሲ ምርመራ በፈቃድና ምስጢር በተጠበቀበት ሁኔታ እንዲካሄድ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝባቸው ወገኖች ሰብአዊ መብትም እንዲጠበቅ አቅጣጫ አስቀመጠ። በዚህም መንግሥት ሕመምተኛውን በቁጥጥር ስር ከማዋል ይልቅ ወደ ጤና ተቋም በራሱ እግር እንዲመጣ ለማድረግ መረጠ።

በሥራና በትዳር

ይህ ምርጫ በሥራው ዓለም በግልጽ ሰፍሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሠራተኛው በቂ ምክንያት ሲኖር አሠሪው ወይም ሕግ የሚጠይቀውን የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ያስገድደዋል፤ የኤች.አይ.ቪ ምርመራን ግን ከዚህ ግዴታ ለይቶ አውጥቶታል። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተተካ ጊዜም ይኸው ጥበቃ ቀጥሏል። የድንጋጌው መነሻ ሕክምናዊም ሰብአዊም ነው። ቫይረሱ አብሮ በመሥራት፣ በመጨባበጥ ወይም በአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም። በመሆኑም አሠሪው የሠራተኛውን ደም ውጤት ማወቁ የሚያስቀረው ጉዳት የለም፤ ሠራተኛውን ግን እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። እዚህ ላይ የሕጉ ሚና የአንዱን ነጻነት መገደብ ይመስላል። በእርግጥም የአሠሪውን የመጠየቅ ነጻነት ገድቧል፤ በዚያው መጠን ግን አቅም ያነሰውን ሠራተኛ ነጻነት ጠብቋል። ቁጥጥርና ነጻነት ሁልጊዜ ጠላቶች እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

በትዳር ረገድ ነገሩ የተለየ መልክ ነበረው። መንግሥት ጋብቻን በምርመራ ውጤት ባያስርም፣ በርካታ የእምነት ተቋማት ከሥርዓተ ጋብቻ በፊት ተጋቢዎች የምርመራ ወረቀት እንዲያመጡ መጠየቅ ጀመሩ። በዚህም ምክንያት ምርመራው በሕግ የፈቃድ፣ በኑሮ ግን የግዴታ የሆነባቸው ወጣቶች ጥቂት አልነበሩም። ወደ ምክር ክፍሉ የገቡት በፈቃዳቸው ነው ተብሎ ይመዘገባል። ሠርግ ተደግሶ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ቄሱ ወረቀት እየጠበቀ የሚሰጥ ፈቃድ ግን ምን ያህል ፈቃድ ነው? የሰውን ነጻነት የሚያጠብበው መንግሥት ብቻ አለመሆኑን፣ ቤተሰብም ጎረቤትም የእምነት ተቋምም የራሳቸው የማይጻፍ ሕግ እንዳላቸው የምክር አገልግሎት ሠራተኞች ከማንም ቀድመው ተረድተውታል።

ከጸበሉ ወደ መድኃኒቱ

ሕሙማኑ ወደ እንጦጦ የወጡት በእምነታቸው ምክንያት ብቻ አልነበረም። ፀረ-ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገሪቱ በመርሐ ግብር መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያውም በክፍያ ነበር። በነጻ መሰጠት የጀመረው ጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገንዘብ የሌለው ሕመምተኛ መድኃኒት ትቶ ጸበል መረጠ ማለት አይቻልም፤ የሚተወው መድኃኒት በእጁ አልነበረምና። በሰፈሩ መገለል ለደረሰበት፣ ሐኪም ቤት ምንም ላላደረገለት ሰው ጸበሉ ተስፋ፣ ማኅበርና ማንነቱን የማይጠይቅ መጠለያ ነበር። የእምነት ነጻነቱ በሕግ የተጠበቀ ቢሆንም፣ ምርጫ በሌለበት ነጻነት ግማሽ ነጻነት ነው።

መድኃኒቱ በነጻ ሲመጣ ጥያቄው ከበደ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት ቢወስድ እምነት እንዳጎደለ ይቆጠራል የሚል አስተሳሰብ በሕሙማኑ መካከል ነበር። የጀመሩትን መድኃኒት ያቋረጡ ነበሩ፤ በጾምና በባዶ ሆድ ለመጠመቅ ሲሉ ሰዓቱን ያሳለፉም ነበሩ። በጊዜው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የነበረው የስታቩዲን፣ የላሚቩዲንና የኔቪራፒን ጥምረት ደግሞ ለእንዲህ ያለ መቋረጥ ምሕረት አልነበረውም። ኔቪራፒን በደም ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሕመምተኛው ሦስቱንም በአንድ ቀን ሲያቆም ቫይረሱ ለቀናት ከአንድ መድኃኒት ጋር ብቻ ይጋፈጣል፤ መድኃኒቱን የመላመድ ዕድልም ያገኛል። ሕመምተኛው ተመልሶ ሲመጣ ያ መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል፤ ተተኪውም በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በተጨማሪም በጠባብ ክፍሎች ተጨናንቀው በሚኖሩ፣ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች መካከል የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይዛመታል።

በዚህ ጊዜ መንግሥት ምን ማድረግ ይችል ነበር? መከልከል አንዱ መንገድ ነው። ለዚህ የሚጠቀስ ታሪክም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈንጣጣ ክትባት አልከተብም ባለው በማሳቹሴትሱ ቄስ በጃኮብሰን ላይ የተጣለውን የ5 ዶላር ቅጣት አጽድቋል። ፍርዱ የቆመበት ምክንያት የአንዱ ነጻነት የጎረቤቱን ሕይወት አደጋ ላይ እስከ መጣል አይደርስም የሚል ነበር። ፈንጣጣ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ያልተከተበ ሰው አደጋው ለራሱ ብቻ አይሆንም። በአገራችንም በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ እስከ ተገኘበት ድረስ ቤት ለቤት የተሄደበት በዚሁ ምክንያት ነው።

የእንጦጦው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በቅድሚያ የሚጎዳው ራሱን ነው። በግዳጅ መድኃኒት ለማስዋጥ ደግሞ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ፣ በየቤቱ የሚቆም ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ይህም የማይሆን ነገር ነው። ጸበሉ ቢከለከል ሕሙማኑ ወደማይታይ ቦታ ይሄዱ ነበር እንጂ ወደ ሐኪም ቤት አይመጡም። መፍትሔው የመጣው በሌላ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ምእመናን ሁለቱንም በአንድነት መጠቀም እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። ይህ ቃል በፖሊስም በደንብም ሊገኝ የማይችል ነበር። ሕመምተኛው ከእምነቱና ከሕይወቱ አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደውን ቀንበር አንሥቶለታል።

የሕፃኑ ጉዳይ

ይህ ማለት ግን መንግሥት በማናቸውም ጊዜ እጁን መሰብሰብ አለበት ማለት አይደለም። ነጻነት የራስን አካል በሚመለከት ሰፊ ነው፤ የሌላውን አካል በሚመለከት ግን ይጠብባል። ወላጅ የራሱን መድኃኒት ሊተው ይችላል። በእቅፉ ይዞት ወደ ጸበሉ የወጣውን ሕፃን መድኃኒት ሲያቋርጥ ግን የሚወስነው ገና መወሰን ስለማይችል ሌላ ሰው ሕይወት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በሕፃናት ጉዳይ የሕፃኑ ጥቅም ቀዳሚ መሆን እንዳለበት የደነገገው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። እንደዚሁም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሆን ብሎ ተላላፊ በሽታ ማዛመትን ያስቀጣል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲገባ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሃይማኖታዊ ጉባኤዎችን ጨምሮ ብዙ ሰው የሚሰበሰብባቸውን ሁኔታዎች ለአምስት ወራት ያህል ገድቧል፤ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ የሚሠራው ሚዛን በእንጦጦ ከሠራው የተለየ ነውና። ሚዛኑ የሚያጋድለው በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ የሚጎዳው ማን እንደሆነና ከክልከላው የቀለለ ሌላ መንገድ መኖር አለመኖሩ ታይቶ ነው።

ለጤና ባለሙያው የቀረው

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የምርመራ መመሪያ ባለሙያው ራሱ የኤች.አይ.ቪ ምርመራን ለታካሚው እንዲያቀርብ፣ የታካሚው እምቢ የማለት መብትም እንዲጠበቅ አድርጓል። ጤና ጣቢያው ቁጥር እንዲሞላ በሚጠበቅበት ጊዜ ግን «ምርመራው ይደረግልዎት፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለተኛው ክፍሉ በቀላሉ ይዘለላል። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ሲያዝ ታካሚው እንደ መንግሥት ትእዛዝ ይሰማዋል። በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያው ለብዙው ሕዝብ በቅርብ የሚያገኘው የመንግሥት ፊት ነው፤ የሕመምተኛውንም ምስጢር የያዘው እርሱ ነው። በመሆኑም በሕገ መንግሥትና በአዋጅ የተጻፈው ሚዛን በመጨረሻ የሚለካው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ዛሬ መድኃኒቶቹ ተሻሽለዋል፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይዘገይ ሕክምና እንዲጀምር ከተወሰነም ዓመታት አልፈዋል። ሰዎች ግን አሁንም ጸበል ይጠመቃሉ፣ ይጾማሉ፣ ገዳም ይገባሉ። ይህን ለሐኪማቸው የሚናገሩት እንደማይነቀፉ ሲያውቁ ብቻ ነው። የተነቀፈ ሕመምተኛ ዝም ይላል፤ ካርዱ ላይም «መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል» ተብሎ ይጻፋል። የጾሙን ሰዓት፣ የሱባኤውን ርዝመት፣ የሚወስደውን መድኃኒትና የሚሄድበትን ቦታ ጠይቆ አብሮ የሚያቅድ ባለሙያ ግን መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንዲደርስ ማድረግ ይችላል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ «ጸበል ይጠመቃሉ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ይበቃል።