የጤና መልእክትን በዲጂታል ሚዲያ ማዘጋጀት፦ ለንድፍ ባለሙያዎች፣ ለማኅበራትና ለበጎ ፈቃደኞች የቀረበ መረጃ

የኅብረተሰብ ጤና መልእክቶችን አዘጋጅቶ ለሕዝብ ማድረስ የመንግሥት ተቋማት ሥራ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ የእጅ አስተጣጠብን የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ አጫጭር ቪዲዮዎችና የድምፅ መልእክቶች በቴሌግራምና በፌስቡክ በስፋት ተሠራጭተዋል፤ ስልክ ሲደወልም የጥንቃቄ መልእክት ይሰማ እንደነበር ይታወሳል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ የወጣት የግራፊክስ ባለሙያዎችና የበጎ ፈቃደኞች ውጤቶች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ በተመሳሳይ ሥራ ለመሰማራት የሚፈልጉ ዜጎች፣ ዕድሮች፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበባትና ማኅበራት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል።

ሥዕሉም እንደ ጽሑፉ ትክክል መሆን አለበት

የጤና መልእክት የሚያዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉን በጤና ባለሙያ ያስገመግማል፤ ሥዕሉን ግን ማስዋቢያ አድርጎ ስለሚቆጥረው ለራሱ ይተወዋል። ይሁንና ማንበብ ለማይችል ሰው መልእክቱ ሥዕሉ ራሱ ነው።

በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. እየተባለ የሚጠራውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አበጣበጥ እንደ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር መሠረት የተዘጋጀው ባለ 20.5 ግራም ፓኬት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። የንድፍ ባለሙያው አንድ ፓኬትና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን ለጎን ይሥላል። በየቤቱ “ሃይላንድ” የሚባለው ጠርሙስ ግን የግማሽ ሊትር፣ የ1 ሊትርና የ2 ሊትር ሆኖ ይገኛል፤ በሥዕል ላይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። እናት በእጇ ያለውን የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተጠቀመች ብጥብጡ ከሚገባው በላይ ጨው ይበዛበታል፤ ይህም በተለይ ሕፃናትን ለአደጋ ያጋልጣል። የ2 ሊትሩን ከተጠቀመች ደግሞ ብጥብጡ ቀጥኖ በተቅማጥ የወጣውን ጨው በበቂ ሁኔታ አይተካም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙሶችን ከአንድ ፓኬት ጋር መሣል፣ ወይም ጠርሙሱን በሰው እጅ አስይዞ መጠኑን በግልጽ ማሳየት። ለሌላ የውኃ መጠን የተዘጋጁ ፓኬቶች ስላሉ በአካባቢው በሚታደለው ፓኬት ላይ የሰፈረውን መመሪያ አስቀድሞ ማየትም ያስፈልጋል።

የተበጠበጠው ፈሳሽ ከ24 ሰዓት በኋላ መደፋት አለበት። ይህንን በሰዓት ሥዕል ማሳየት የተለመደ ቢሆንም፣ የሰዓቱ ቆጣሪ ሁለት ጊዜ መዞሩን ሥዕሉ አይናገርም፤ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ እንደገና ፀሐይ በተከታታይ ማሳየት ይሻላል። የክልከላ ምልክትም ጥንቃቄ ይሻል። ደብተሩ በመምህር ቀይ እስክሪብቶ የታረመለት ሰው የ“ኤክስ” ምልክትን ስሕተት ብሎ ይረዳዋል፤ ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ግን ሁለት የተጠላለፉ መስመሮች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው በሙከራ ነው። መልእክቱ ከመሠራጨቱ በፊት በክትባት ቀን ወደ ጤና ኬላ ለሚመጡ ጥቂት እናቶች ጽሑፉን ሸፍኖ ማሳየት ይቻላል። “ገባዎት?” ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ይሉኝታ ስላለ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “ይህ ሥዕል ምን ያድርጉ ይላል?” ብሎ ጠይቆ ጠያቂው ዝም ብሎ ማድመጥ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአካባቢውን ቤት ለቤት ስለሚያውቁ በዚህ ረገድ የሚሰጡት አስተያየት ከማንኛውም የንድፍ ትምህርት ይበልጣል።

የግዕዝ ፊደልና የአማርኛ አጻጻፍ

በአማርኛ ትእዛዝን ከክልከላ የሚለየው አንድ ፊደል ነው፦ “ይጠጡ” እና “አይጠጡ”። ይህች ፊደል በምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠች ወይም በጌጠኛ አጣጣል ከጠፋች መልእክቱ ይገለበጣል። ስለዚህ “ያልፈላ ውኃ አይጠጡ” ከማለት “ውኃ አፍልተው ይጠጡ” ማለት ይመረጣል። በትንሽ ስክሪን ላይ በጣም የደመቁ ፊደላት የቅጥያ ምልክታቸው ስለሚዋጥ “ጠ” እና “ጡ” ለመለየት ያስቸግራሉ። ጽሑፉን በአነስተኛ ዋጋ ስልክ ከፍቶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ተካትቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ስልክ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ አሁንም በአንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች ይህ ችግር አልተቀረፈም። በምስል ውስጥ የተጻፈውን ቃል ለዓይነ ስውራን የሚያነብ ሶፍትዌር ላያገኘው ስለሚችል ሙሉው ጽሑፍ ከምስሉ ሥር ሊለጠፍ ይገባል። ቀንና ቦታም መዘንጋት የለበትም፤ ቀን ያልተጻፈበት የክትባት ዘመቻ ማስታወቂያ ከዓመት በኋላ ሲዘዋወር ቤተሰቦችን በከንቱ ያመላልሳል።

ድምፅ

የሞባይል ዳታ ዋጋ ለሚከብደው ወይም ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ድምፅ ይቀርበዋል። በ2006 ዓ.ም. ለአርሶ አደሮች የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት ማንኛውም ስልክ ያለው ሰው የተቀዳ የእርሻ መረጃ በቋንቋው እንዲያዳምጥ አስችሏል፤ ለጤናም ይኸው መንገድ ይሠራል። የሚቀዳው ድምፅ አጭር፣ በአካባቢው አነጋገር የቀረበና አንድ ድርጊት ብቻ የሚጠይቅ ቢሆን ይመረጣል።

ሕግን የሚመለከቱ ነጥቦች

በጤና ፖስተሮች ላይ በብዛት የሚታየው የቀይ መስቀል ምልክት የጤና ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ዓርማ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። የታካሚ ፎቶግራፍና የጤና መረጃ ያለ ባለቤቱ ግልጽ ፈቃድ ሊለጠፍ አይገባም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህንን ይመለከታል። ከኢንተርኔት የተገኘ ፎቶግራፍ ወይም ሥዕልም ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ሐሰተኛ መረጃን ማሠራጨት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ በመሆኑ፣ ያልተረጋገጠ የሕክምና ምክር በቅን ልቦናም ቢሆን ከመለጠፉ በፊት ሊጣራ ይገባል። የመንግሥት ተቋም ዓርማ ያለ ተቋሙ ፈቃድ በሥራው ላይ መቀመጥ የለበትም።

የመልእክቱን ይዘት ለማጣራት በቅርብ ወደሚገኘው የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ወይም በጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል። ወረርሽኝን የሚመለከት ጥያቄ ወይም ጥቆማ ሲኖር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ነው።