ለክፉ ቀን ማኖር

በኩታበርና በአካባቢው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቁጠባ ያረጁ ሰዎች ገንዘብ ሲያገኙ እንኳ ለራሳቸው ማውጣት ይከብዳቸዋል። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ክፉኛ ጎድቷል፤ ያንን ያየ ሽማግሌ ልጁ የላከለትን ብር ሣጥን ቢያስገባ ሊወቀስ አይገባም። እህልን በጎተራ፣ ጥሪትን በበግና በላም ማኖር የቆየ ብልሃት ነው። የወረቀት ብር ግን ይቀየራል፣ ዋጋውም ይሸረሸራል። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ የመለወጫው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር፤ በመቀነት የተቋጠረው ሁሉ ባንክ መድረስ ነበረበት። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ብር ቋጥረው ለመድኃኒታቸው እንኳ የሚሳሱ እናት ግን ለቅሬ (ለእድር) መዋጮና ለእንግዳ ቡና እጃቸው አያጥርም።