ዘይቱን ያልሆነው ዘይቱን

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ካለ ጉልት አንዲት እናት ሦስት ነገር ዘርግተዋል፦ ለወተት ዕቃ ማጠኛ የተፈለጠ ወይራ፣ የበሰለ ዘይቱን፣ በጠርሙስ የተቀዳ የፓልም ዘይት። ሦስቱም በስም አንድ ዛፍ ሥር ይገናኛሉ፤ ከዛፉ የተቆረጠው ግን ማጠኛው ብቻ ነው።

«ዘይት»ን ከግእዝ ወረስነው። ዕብራይስጡ «ዛይት»፣ ዐረብኛው «ዘይት» ይለዋል። ዘመዳሞቹ ግን ርስቱን እኩል አልተካፈሉም። ዕብራይስጥ ስሙን ለዛፉና ለፍሬው ሰጥቶ ቅባቱን «ሼሜን» አለው። ዐረብኛ ቅባቱን «ዘይት»፣ ዛፉን «ዘይቱን» ብሎ ለየ። ግእዝ ሁለቱንም በአንድ ቃል ያዘ፤ የዐቢይ ጾም አምስተኛ እሑድ የሚጠራበት «ደብረ ዘይት» ዛፍ የበቀለበት ተራራ ነው። አማርኛ ቅባቱን አስቀርቶ ዛፉን ጣለ። ከዚያ ወዲያ ከምንም ይጨመቅ ግድ የለውም፦ የኑግ ዘይት፣ የሱፍ ዘይት፣ የሞተር ዘይት!

«ዘይቱን» ደግሞ የባሰበት ነው። የዐረቡ ወይራ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ፍሬ ላይ አረፈ፤ ሌሎች ጓቫ የሚሉት ላይ። ፍሬው አሜሪካ በቀል ነውና ስሙን ያገኘው ከኮሎምበስ በኋላ መሆን አለበት። ክብ አረንጓዴነቱ አሳስቶ ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። በዕፅዋት ዝምድና የባሕር ዛፍ ወገን እንጂ የወይራ አይደለም።

«ወይራ» ከዘይት ጋር የድምፅ ዝምድና የለውም። ትግርኛው «አውሊዕ» ነው። ከላቲኑ «ኦሊቫ» ጋር ማዛመድ ያጓጓል፤ እኔም አንድ ሰሞን ተታልዬ ነበር። ላቲኑ ግን ቃሉን የወሰደው ከግሪክ «ኤላያ» ነው፤ ሁለት ፊደል ስለገጠመ ዝምድና አይቆጠርም። «ወይባ»ም በአንድ ፊደል ቢለይ ሌላ ዛፍ ነው፤ የሴቶች ጢስ ከእርሱ ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ርግቧ ያመጣችውን ቅጠል «የወይራ» አሉት። ልክ ነበሩ፤ የእኛው ወይራና የሜዲትራኒያኑ በሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው፣ ኦሊያ ዩሮፒያ። የእኛው ንዑስ ዝርያ «ኩስፒዳታ» ይባላል፤ ባለ ሹል ጫፍ ማለት ነው። ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ከጨማቂ ይልቅ ወፍ ይጠቅማል። የቅጠሉ ጀርባ እንደዚያኛው ብርማ ሳይሆን ወርቅማ ቡኒ ስለሆነ ቀድሞ «ክሪሶፊላ»፣ ባለ ወርቅ ቅጠል፣ ተብሎ ነበር። ሰበታ አጠገብ መናገሻ ሱባ ደን የገባ ሰው ቅጠሉን ገልብጦ ይየው።

ዳሞት ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው። የሩቁ ጠምበለል ነው፤ ሐረግ ሆኖ የሚጠመጠመው ነጭ አበባ። ማን ያምናል? አበባውን ፈልቅቀው ይቁጠሩ፦ ብናኝ የሚሸከሙት ወንዴ ዘንጎች ሁለት ናቸው። የወይራም ሁለት።

«ወይራው ስንት ነው?» አልኳቸው የጉልቷን እናት።

«ኤጀርሳው?» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ስሙ መለሱልኝ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱት ኤጀርሳ ጎሮ ነው። በዘመናቸው ደግሞ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት» ተባለች፤ በኦሮምኛ ወይራ ስም በተጠራ ቦታ የተወለደ ንጉሥ ዘመን፣ ሌላ ቦታ የግእዙን ወይራ ስም አገኘ። ከተማዋ ዛሬ ቢሾፍቱ ናት፤ አውቶቡስ ተራ ላይ ግን ሁለቱንም ስም እሰማለሁ።