የዳሞታ ምስል በማን መነጽር?

በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ ሲዘምቱ ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም የፎቶግራፍ መሣሪያውን ይዞ ከሠራዊቱ ጋር ተጉዟል። ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ሕዝቡም አለቀ፣ ከብቱ ተዘረፈ፣ ብዙው በምርኮ ተነዳ። ቫንደርሄይም የዘመቻውን ትረካ በፎቶግራፎቹ አስደግፎ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳተመ። መጽሐፉ ለታሪክ ጸሐፊ ውድ ምስክር ነው፤ ይሁን እንጂ መነጽሩ የቆመው በዘማቹ ወገን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ዛሬ መነጽሩ በአገሬው ልጅ እጅ ገብቷል። ከሶዶ ከተማ በላይ የሚታየውን የዳሞታን ተራራ አንስቶ በእጅ ስልኩ ከቨር ላይ ሊያሳትመው ይችላል፤ ምስሉ በልዩ ወረቀት ላይ በቀለም ይወጣና ወረቀቱ በሙቀት ሲታመቅ ቀለሙ ወደ ከቨሩ ይሰርጻል። ይህ ከኪነ ጥበብ አይቆጠርም የሚል አይጠፋም። (ፖስት ካርድስ ከምን ይቆጠር ነበር?) የሚያሳስበው ሌላ ነው። የከቨር ተራራ አብዛኛውን ጊዜ ጫፍና ጉም ብቻ ነው፤ የዳሞታ ግርጌ ግን እንሰት፣ ማሳና ጎጆ ነው። አሳታሚው ግርጌውን ቆርጦ ከጣለ በእጁ የሚቀረው ተራራ የማንም አገር ሊሆን ይችላል፤ ቫንደርሄይም እንኳ ከጦሩ ጋር ሰዎችን አንስቶ ነበር።