የወጋውም ጽፎ ነበር

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ነገር ግን የጦር ወንጀል በፍርድ የሚረጋገጠው ባለመርሳት ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ነው። ለዚህ የደብረ ሊባኖስን ታሪክ እንመልከት።

በግንቦት 1929 ዓ.ም. የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የገዳሙ መነኮሳት በሙሉ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዘዘ፤ ቀጥሎም 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ወደ ሮማ አስታወቀ። የገዛ ጽሕፈቱም ምስክር ሆነበት። የኢትዮጵያ መንግሥት እንደነዚህ ያሉትን ቴሌግራሞች ከዓይን ምስክሮች ቃል ጋራ ሰበሰበ፤ በ1940 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ክሱን ባቀረበ ጊዜም ኮሚሽኑ በግራዚያኒና በባዶሊዮ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ። ሆኖም በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠሩት ግፍ ሁለቱም ሳይፈረድባቸው ሞቱ።

ታዲያ ድካሙ ከንቱ ነበርን? አይደለም። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመራማሪዎች ሽማግሌዎችን ጠይቀው፥ የሟቾቹ ቁጥር ከ1,400 እንደሚበልጥ ገምተዋል። የገዳዩ ወረቀት ትእዛዙን አስረዳ፤ የሽማግሌዎቹ ቃል ደግሞ ወረቀቱ ያሳነሰውን ቁጥር ገለጠ። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በየቤታችን የተረፈውን ደብዳቤና ፎቶግራፍ እንጠብቅ፤ ሽማግሌዎች የሚነግሩንንም ከነቀኑና ከነቦታው እንጻፍ። ዳኛ ቢዘገይ እንኳ መዝገቡ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው።