መርጡለ ማርያም፦ የእቴጌ እሌኒ ሕንፃ

መርጡለ ማርያም ከጉንደ ወይን ከተማ አጎራባች በሆነው በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የሚገኝ ገዳም ነው። መርጡል በግዕዝ ማደሪያ፣ አዳራሽ ማለት ነው። በግቢው ያለው የተጠረበ ድንጋይ ፍርስራሽ የአውሮፓ ህዳሴ ጥበብ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ከቀሩት ምልክቶች ሁሉ እጅግ የሚደንቀው ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን የጣሊያን ባለጠጎች ከከተማ ወጣ ብለው ባለ አምድ ቤት ያሠሩ ነበር። አንድሪያ ፓላዲዮ ለቪቼንዛ አካባቢ የነደፈው፣ በ1560ዎቹ የተጀመረው ሮቶንዳ በዚህ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ግን ንጉሡና ሠራዊቱ በድንኳን ከአገር አገር ይዘዋወሩ ስለነበር ባለ ጉልቱ ወርቁን የሚያፈሰው በቤተ ክርስቲያን ላይ ነበር። የሐድያ ገዥ ልጅ የነበሩት እሌኒም በጎጃም ግዛታቸው መርጡለ ማርያምን በማሠራት ያደረጉት ይህንኑ ነው። እሌኒ ከ1508 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር የመሩ፣ ወደ ፖርቱጋልም መልእክተኛ የላኩ ብልህ እቴጌ ነበሩ።

የዚያን ጊዜውን ውበት ያቆየልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ በ1487 የላከውና ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ የተከለከለው ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ እሌኒ ጎጃም ላይ ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን የመሠዊያውን አሠራር እንዲያሳይ መላኩን ለአልቫሬዝ አጫውቶታል። መሠዊያው ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠ ሲሆን፣ የላይኛው ጽላት ግን ድፍን ወርቅ ነበር።

ይህ ሁሉ በዚያው በ16ኛው መቶ ዘመን በተነሣው ጦርነት ጠፋ። እንደገና የተነሣው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። በ1614 ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት ሠርቶላቸው ሕዝቡ «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያየው ይጎርፍ ነበር። ያ ቤት የተገነባው በጭቃ ነው፤ ኖራ በአገሩ የታወቀው ከ1620ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ለግንበኛው ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ጭቃ ዝናብ ሲያገኘው ይላላል፣ ኖራ ግን ድንጋዩን ከድንጋይ ያስራል። መርጡለ ማርያምን ያደሰው ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ብሩኖ ብሩኒም ሥራውን የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በቅስቶቹና በግድግዳው ላይ ጽጌረዳ የመሰሉ አበቦች፣ ቅጠልና የተጎነጎነ ሐረግ ተቀርጸዋል። የትኛው ከእሌኒ ዘመን እንደቀረ፣ የትኛው የብሩኒ እንደሆነ አጥኚዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ያም ሆነ ይህ፣ ድንጋዩን የጠረበው እጅ የተካነ ነበር።

የካቶሊክን እምነት ተቀብለው የነበሩት ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ከዚያም በኋላ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ቻርልስ ቤክ ፍርስራሹን በ1842 አይቶ በ1847 ለንደን ላይ ጽሑፍ አወጣበት፤ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማንም በ1936 በታተመው የጣናና የዓባይ መጽሐፉ ገልጾታል።